ላስቲክ የለበሰው ጦስኝ

የሾፌር ግራ እጅ ልብ ብለህ አይተህ ታውቃለህ? ካላየህ የኔን ላሳይህ። ግራ እጄና ቀኝ እጄ የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም። ቀኙ ማርሽ ይዞ በጥላ ኖረ። ግራው በመስኮት ወጥቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደብረ ታቦርን ፀሐይ ጠጣ። ባለቤቴ "ይኼን እጅ ከማን ነው የተዋስከው?" እያለች ትስቅብኛለች። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰውዬ ሁለቱን እጄን እያፈራረቀ አየና አማተበ።

የኛ አገር ፀሐይ እንግዳ ታታልላለች። ጥላ ሥር ስትቆም ያንቀጠቅጥሃል፣ ጋቢ ያምርሃል። ሁለት እርምጃ ወጣ ስትል አናትህን ትበሳሃለች። ከቆላ የመጣ ሰው "ብርድ አገር ነው" ብሎ ባዶ ራሱን ይዞርና ማታ አፍንጫው ይላጣል።

ለነገሩ ስለ እጄ ላወራህ አልነበረም። የማወራህ ስለ አክስቴ አፍንጫ ነው። መንገዱ ትንሽ ይዞራል፣ ታገሠኝ። ሾፌር ነኝ፣ አደርስሃለሁ።

አክስቴ እናኑ የአባቴ እህት ናቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ እግዜር አልሰጣቸውም። ያላቸው እኔ፣ አንዲት ጓሮና አንድ አፍንጫ ነበርን። ታዲያ ይህ አፍንጫ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። በሰፈራችን የሚድር፣ የሚደግስ፣ ማኅበር የደረሰው ሰው ሁሉ፣ በርበሬው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ቅመሙን በሰሃን ቆንጥሮ እሳቸው ዘንድ ይልካል። እሳቸው ደግሞ ዝም ብለው አያሸቱም። መጀመሪያ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ከጦስኛቸው አንዲት ዘለላ ይቀጥፋሉ። በሁለት ጣታቸው ያሿታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ይስባሉ። "አፍንጫዬን ልክፈተው" ነው የሚሉት። ከዚያ ወደ ሰሃኑ ጎንበስ ይሉና፣ "ኮረሪማው በዝቷል። ነጭ ሽንኩርቱ በደንብ አልደረቀም። አንድ እፍኝ ጦስኝ ጨምሪበት" ይላሉ። አለቀ፤ ይግባኝ የለም።

አንዲት ሴትዮ የጎረቤቷን በርበሬ የራሴ ነው ብላ ብትልክባቸው፣ አሽትተው "ለባለቤቷ መልሱላት፣ ደኅና ነው በሏት" አሉ ይባላል። ይባላል ነው እንጂ እኔ አላየሁም። ሴትዮዋ ግን ዛሬም በኛ በር አታልፍም።

እንግዲህ ያን አፍንጫ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንዴት መሰለህ?

እኔ የግብርና ባለሙያዎች ሾፌር ነኝ። ይኼ ሥራ አንድ አደጋ አለው፤ የመኪና አደጋ ማለቴ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ባለሙያ አጠገብህ ተቀምጦ ሲያወራ ስትሰማ፣ እያደር አንተም ባለሙያ የሆንክ ይመስልሃል። ገበሬ መኪናችንን ከቦ ሲጠይቅ ባለሙያው ጉሮሮውን እስኪጠራርግ እኔ በመስኮት መልሼ እጨርሳለሁ። ስለ ስንዴ ዋግ እመልሳለሁ፣ ስለ ድንች ዘር እመልሳለሁ፣ አንዴ ስለ በግ ሳል ሁሉ መልሻለሁ። ግማሹ ትክክል ነው። ስለ ግማሹ እኔም እንጃ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ዓይነቱ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በኅዳር አንድ ጠዋት አንዲት የዕፅዋት ባለሙያ ይዤ ወደ ጉና ተራራ እወጣለሁ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ግን ተምራለችና አንቱ እላታለሁ፣ እሷም ለሽበቴ ብላ አንቱ ትለኛለች፤ እንዲህ ተከባብረን እንጓዛለን። ግራ እጄን አየችና ሳቀች።

"ጋሽ አስማማው፣ ይኼ የአልትራቫዮሌት ሥራ ነው" አለችኝ።

ስሙን አስተካክዬ እስክጠራው ሁለት ዳገት ወጣን። ከዚያ አስረዳችኝ። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይን የማያየው ጨረር አለ አለች። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጨረሩም ይበረታል። የሰው ቆዳ ያጠቁራል። ተክልም አይምርም፤ ግንዱን ያሳጥረዋል፣ ቅጠሉን ያሳንሰዋል፣ ሲብስም ያቃጥለዋል። ጉና ላይ ተክሉ ሁሉ ድንክ ሆኖ የቀረው በብርዱ ብቻ እንዳይመስልዎት፣ የዚህ ጨረር እጅ አለበት አለች። ኋላ ወንበር ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ ጭነን ነበር። ብርሃኑን አሳልፎ ያን ጨረር ብቻ የሚያስቀር ነው፣ ለሙከራ ነው አለች። ከሱ ሥር የበቀለ ተክል ይመዘዛል፣ ቅጠሉም ይሰፋል።

"ግን..." አለች።

ይችን "ግን" በደንብ ሰምቻታለሁ፣ ሐሰት አልናገርም። "ግን" አለችና አዛጋች፤ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። በጣም ማልደን ነበር የተነሣነው። እኔም እንዳትነቃ ጉድጓዱን እየመረጥኩ ቀስ ብዬ ነዳሁላት። ክምር ድንጋይ ከተማ ስንደርስ ነቃች። "ግን" ምን እንደነበር አልጠየቅኋትም። ለምን እጠይቃለሁ? የገባኝ በቅቶኝ ነበር።

ላስቲኩን ለሙከራው ቆራርጣ ስትጨርስ ቁራጭ ተረፈ። "ለዝናብ ይሁንዎት" ብላ ሰጠችኝ።

እሑድ ዕለት ተሸክሜው አክስቴ ቤት ደረስኩ። ጦስኛቸው እንደ ወትሮው መሬት ላይ ልጥፍ ብሏል። አጭር፣ ቅጠሉ ደቃቃ፣ ግንዱ ቀላ ያለ። አዘንኩለት። ዕድሜውን ሙሉ በጨረር ሲደበደብ ማንም ያላየለት ምስኪን ሆኖ ታየኝ።

"እትዬ፣ ይኼ ተክል እኮ ፀሐይ አቆርቁዛው ነው" አልኳቸው።

"ጦስኝ መች ረዝሞ ያውቃል? ምንስ አጎደለብህ?"

"እርስዎ አያዩትም እንጂ ጨረር አለ።"

"የማላየው ከሆነ እሱም አይየኝ። ተወው ልጄ።"

አልተውኩም። ስለምወዳቸው ነው ያልተውኩት፤ ይኼን ብቻ እመነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖብኝ አራት የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልኩ፣ ላስቲኩን ወጠርኩ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዝኩ። አጠገቡ የነበረውን ጤና አዳምም አብሬ አስገባሁት፣ እንዳይቀና።

ወዳጄ፣ ሠራ! ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሲሆነው ጦስኙ ተመዘዘ። ቅጠሉ ሰፋ፣ ለሰለሰ፣ አረንጓዴነቱ ዓይን ይስባል። የሰፈር ሰው ሊያይ መጣ። እኔ ክርኔን አጥሩ ላይ አስደግፌ ስለ አልትራቫዮሌት አስተምራለሁ። አክስቴም ሳይወዱ በግድ "እውነትም የተማረ ይግደለኝ" አሉ። የተማረ ያሉት እኔን ነው። የዚያን ሰሞን ደስታዬን አትጠይቀኝ።

በመጋቢት አንዲት ጎረቤት የልጇን የሠርግ በርበሬ ይዛ መጣች። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ወደ ጓሮ ወጡ። ቀጠፉ፣ አሹ፣ ሳቡ። ቆም አሉ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሌላ ዘለላ ቀጠፉ። አሹ፣ ሳቡ። ምንም የለም። ዘለላዋን ለጎረቤቲቱ ሰጥተው "እስቲ አሽቺልኝ፣ ይሸታል?" አሏት።

አሁን አንተ በሷ ቦታ ሁንና ፍረድ። ፊት ለፊትህ ያማረ የተንዠረገገ ተክል አለ። የጠየቁህ ሰፈሩ የሚያከብራቸው አሮጊት ናቸው። ያን ላስቲክ የወጠረው የወንድማቸው ልጅ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያይሃል። "አይሸትም" ትላለህ?

"ኧረ እትዬ እናኑ፣ እንዴት ያውዳል!" አለች።

በማግስቱ ሌላዋን ጠየቁ። "ያውዳል!" አለች። ሦስተኛዋ ጭራሽ ዓይኗን ጨፍና "ከበር ጀምሮ ተቀበለኝ እኮ" አለች። ሰፈራችን ብዙ ነገር ይጎድለው ይሆናል፤ ይሉኝታ ግን ጎድሎት አያውቅም። በመጨረሻ እኔን ጠየቁኝ። የኔ አፍንጫ በሲጋራና በናፍጣ ከሞተ ሰንብቷል። ይሽተት አይሽተት በምን አውቄ? ግን ላስቲኩ የኔ ነው። "ያውዳል፣ እትዬ" አልኩ።

እንግዲህ ለሰው ሁሉ ይሸታል፣ ለእሳቸው ብቻ አልሸተተም። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እሳቸውም ያንኑ አሉ። "አፍንጫዬ ሞተ" አሉ።

ሌላ ነገር እኮ ይሸታቸው ነበር! የጎረቤት ወጥ ሊያር ሲል ከባለቤቷ ቀድመው የሚጮኹት እሳቸው ናቸው። ይኼን ብነግራቸው "እሱንማ ውሻም ይሸተዋል" አሉኝ። "የኔ አፍንጫ የሚታወቀው በጦስኙ ነው።" ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ላስቲኬን ይዤ ነበር።

ጠበል ተጠመቁ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙ በባትሪ አየና ምንም ችግር የለም አለ። በግንቦት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደን ሳምንት ሙሉ እንፋሎት ሳቡ። ሌላው በሽተኛ ጉልበቱን ይዞ መጥቷል፣ ወገቡን ይዞ መጥቷል። አክስቴ አፍንጫቸውን ይዘው። ሰው "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" ሲላቸው ያፍሩና "እግሬን" ይላሉ። አስበው እንግዲህ። የታመመው ጦስኙ፣ ፍል ውሃ የገቡት አክስቴ። እኔ ደግሞ ፎጣ ይዤ ዳር ቆሜ "ይበርቱ፣ ይሻልዎታል" እላለሁ።

አልተሻላቸውም። ክረምት ሲገባ ሥራውን ተዉት። በርበሬ ይዞ የሚመጣውን "እኔ ከእንግዲህ አላውቅም፣ ብርቱካን ዘንድ ሂዱ" ይሉ ጀመር። ብርቱካን ከአረብ አገር ተመልሳ መንገድ ዳር በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ የሰፈራችን ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፣ ቅን ናት፣ ምንም አይወጣላትም። አክስቴ ሙቀጫቸውን ላኩላት። የወይራ ግንድ ነው፣ ከባድ ነው። የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኙን። ሙቀጫ ሲሸኝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ሰሃን ይዞ የሚመጣ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይመጣ በነበረበት ሰዓት ልብሳቸውን ቀይረው ደጃፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ይኼን ሳይ ዕድሜ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

በጥቅምት ያችን ባለሙያ እንደገና ጫንኩ። ወደ ይፋግ እየወረድን ነው። በዚህ ጊዜ አልተኛችም። እኔም የአክስቴን ጦስኝ በኩራት አወራኋት። ይኼን ያህል ረዘመ ብዬ ከመሪው ላይ እጄን አንሥቼ ለካሁላት።

"ውይ! ጦስኝ ላይ?" አለችና ግንባሯን ያዘች።

ለካ ጨረሩ ተክሉን ሲመታው ተክሉም ዝም ብሎ አይመታም። ራሱን ለመከላከል ቅጠሉን ያወፍራል፣ ቀለም ያወጣል፣ ቅባቱን ያበዛል። "እርስዎም እጅዎ የጠቆረው ራሱን ሲከላከል ነው" አለችኝ። የጦስኝ ሽታው ያ ቅባቱ ነው። ጨረሩን ከከለከሉት ምን አስጨንቆት ያብዛ? ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ለዓይን ያምራል። ሽታው ግን ይደክማል። "ያኔ ወደ ጉና ስንወጣ ልነግርዎ ጀምሬ አልነበር?" አለች።

ጀምራ ነበር። "ግን" ብላ ነበር። ተከታዩ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ደረሰኝ። መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩት። ጎማ የተነፈሰ መስሏት ወርዳ አየች።

ሰው የሆነ ሰው ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሄድና "እትዬ፣ አፍንጫዎ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ይላል። እኔም ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ግን ያልኩት "ላስቲኩ መሥሪያ ቤት ተፈለገ" ነው። እየገነጠልኩ ጠቀለልኩት። ጦስኙ ፀሐይዋን ያግኝና ሽታውን ይመልስ፣ አንድ ቀን ራሳቸው ቀጥፈው ይሸታቸዋል፣ ነገሩም የኔ ስም ሳይነሣ ያልቃል ብዬ ነበር። ፈሪ ስሌቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው።

ጥቅምት ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ዳመና የሚባል የለም። በሳምንቱ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መሰለ፤ ነጣ። በሁለተኛው ሳምንት ደረቀ። ለባለሙያዋ ደወልኩ። "በአንድ ቀን ገለጡት እንዴ?" ብላ ጮኸች። ጨረር ሳያውቅ ያደገ ተክል በቀን ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ነበር መልመድ ያለበት። መከላከያውን ገና አላበጀማ! ይኼንንም ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አክስቴ የደረቀውን ጦስኝ ቆመው አዩት። "እሱም ተከተለኝ" አሉ። አፈርኩ።

ቢሆንም አልተናገርኩም። እሑድ ሁሉ ልነግራቸው እሄዳለሁ፤ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። በጥር መጨረሻ ምስክር ባገኝ ይቀለኛል ብዬ ያችን የመጀመሪያዋን ጎረቤት ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። "እውነት ነው፣ ሣር ሣር ነበር የሚሸተው" አለችኝ። ተመስገን ብዬ አክስቴ ፊት አቅርቤ ይኼንኑ ጠየቅኋት።

"እኔንማ በደንብ ይሸተኝ ነበር" አለች!

ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋ "ማርያምን" ብላ ማለች። ስንወጣ በሹክሹክታ የተቆጣችኝ እሷው ናት። "ታዲያ 'ስዋሽዎት ነበር' ልበላቸው? እኒህን ሴት?"

ብቻዬን ቀረሁ። ወደ ጉና ስሄድ አንድ እቅፍ ጦስኝ አመጣሁ። አጭር፣ ደቃቃ፣ ቀላ ያለ፣ በጨረር የተደበደበ። የኔ ሙት አፍንጫ እንኳ መኪናው ውስጥ ነቃ። እሱን ይዤ አክስቴ ፊት ተቀመጥኩና ከ"ግን" ጀምሬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ያን ጊዜ 'ያውዳል' ያልከኝ ደስ እንዲለኝ ብለህ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ዛሬ 'አፍንጫዎ ደኅና ነው' የምትለኝስ?"

ጦስኙን ዘረጋሁላቸው። "እንግዲያው ያሽትቱትና ራስዎ ይፍረዱ" አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። "ቢሸተኝ፣ ሙቀጫዬን በከንቱ ሰጠሁ ማለት ነው። ባይሸተኝ፣ ሁለተኛ ሞተብኝ ማለት ነው። የቱን ትመርጥልኛለህ?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔ እውነት አድሮ አድሮ ሻገተብኝ። "ሳይደርቅ ለብርቱካን ውሰድላት" አሉኝ። ወሰድኩላት። ከዚያው ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ከእንግዲህ ትንሽም ትልቅም ውሸት ከአፌ አይወጣም ብዬ ቃል ገባሁ፤ ለሰፈሩም አወራሁት።

በየካቲት የማርያም ማኅበር አክስቴ ቤት ዋለ። ወጡ የተሠራው በብርቱካን በርበሬ ነው፤ ያ የጉና ጦስኝ ገብቶበታል። ሰው በላ። እንዴት እንደበላ ልንገርህ? አንገቱን ደፍቶ፣ ሳያወራ፣ እንጀራው አልቆበት እየቀጠለ በላ። ግን "እንዴት ይጣፍጣል" ያለ አንድ ሰው የለም። አክስቴ ተቀምጠዋላ! ማን ደፍሮ? እሳቸው ከሰው ሰው እያዩ ቆዩና እኔን በዓይን ጠቅሰው ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

"አስማማው፣ እነዚህ አይነግሩኝም። አንተ ግን ከእንግዲህ አልዋሽም ብለሃል አሉ። የብርቱካን በርበሬ እንዴት ነው? ከኔ ጊዜው ጋር ስታየው?"

ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ፣ ጾም ሊገባ ነው።

"ከእርስዎ ይበልጣል" አልኩ።

"እሰይ፣ ጎበዝ ልጅ ናት" አሉ። ከዚያ ወጥተው የጀመሩትን የምግብ ሰሃን ከድነው እጃቸውን ታጠቡ።

ወዳጄ፣ ሰው ውሸት ተው ብሎ ሲመክርህ እሺ በለው። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ግን ጠይቀው። እኔ አልጠየቅሁም። አክስቴም ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ምንም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።